አዝያት የወጣሁት ዳገት

የማኅበራችን እኅቶች፣

ከአዲስ አበባ ከተመለስኩ ጀምሮ "እንዴት ሆናችሁ?" ስትሉኝ "እግዚአብሔር ይመስገን" ብዬ ብቻ አልፌአችኋለሁ። ብዙ መናገር እንደማይሆንልኝ ታውቃላችሁ። ተማሪዎቼ እንኳ ከአፏ ይልቅ ጠመኔዋ ይናገራል ይሉኛል። ስለዚህ የሄድንበትን መንገድ ከነቀኑ ጻፍኩት። አብዛኞቻችሁ ከደሴ ወዲያ አልፋችሁ አታውቁም፤ ጉልበታችሁም ከእንግዲህ አይፈቅድ ይሆናል። በወር በዓላችን ቀን አንዷ ታንብብላችሁ።

አዲስ ለገባችሁት ከሥሩ ልጀምር። ልጄ ፍሬሕይወት በስድስት ዓመቷ ጉበቷ ሥራ አቆመ። ዓይኗ እንደ እርድ ቢጫ ሆነ። ህንድ አገር ሄደን ሐኪሞቹ ከእኔ ጉበት ከፍለው ለእሷ ሰጧት። ከመሄዳችን በፊት ግን አዝያት እንጦጦ ወጥቼ፣ "እመቤቴ፣ ትልቅ ሰው አድርገሽ ካሳየሽኝ ይህን ዳገት በእግሯ አመጣታለሁ" ብዬ ተስያለሁ። ከህንድ ስንመለስ በማኅበራችን መካከል ቆሜ "ፈጽማ ድናለች" አልኳችሁ። እልል አላችሁ።

ያን ቀን ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። የተሰጣት ጉበት የእናቷም ቢሆን ሰውነቷ እንደ ባዕድ ያየዋል፤ ሊያጠፋው ይነሳል። ይህን የሚከለክል መድኃኒት ትወስዳለች። ጠዋት አንድ ሰዓትና ማታ አንድ ሰዓት፣ ዕድሜዋን ሙሉ። ካቋረጠች ጉበቱ ይሞታል። እልልታችሁ ገና ከጆሮዬ ሳይወጣ ይህን መናገር እግዚአብሔርን ማሳጣት መሰለኝ። ዛሬ ነገ ስል አሥራ ሁለት ዓመት ሞላኝ።

ባለፈው ክረምት ፍሬ አሥራ ስምንት ዓመት ሆናት። ደሴ ባለው ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመቷን ጨርሳ ነበር። የልጆች ሐኪሟ "አድጋለች፣ ከእንግዲህ የአዋቂ ሐኪም ይያት" ብላ ወደ ሌላ ጻፈችልን። ቀጠሮው በፍልሰታ ጾም ዋለ። ስለቱንም በዚያው እፈጽማለሁ ብዬ ተነሣሁ።

ሰኞ

እሑድ ደሴ አድረን ሰኞ ጎሕ ሳይቀድ ተሳፈርን። ሌሊቱን አልተኛሁም፤ ቦርሳውን አምስት ጊዜ ፈትሼ አሰርኩት።

ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻን እንዳለፍን አንድ ሰዓት ሆነ። መድኃኒቱን በነጠላዬ ሥር አድርጌ አቀበልኳት፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ዋጠችው። አጠገባችን የነበረችው ሴት አላየችም። ሁልጊዜም እንዲህ ነው የምናደርገው።

ከሸዋ ሮቢት በፊት ኬላ ላይ ሁላችንንም አስወርደው ዕቃ ፈተሹ። ፈታሹ ከቦርሳዬ የቪታሚን ዕቃውን አወጣ። ፍሬ ወደ ዩኒቨርሲቲ ስትሄድ ሰው እንዳይጠረጥር መድኃኒቱን ከእሽጉ እያወጣሁ የምጨምርበት የፕላስቲክ ዕቃ ነው።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ቪታሚን ነው።"

ከፍቶ አየው። "ቪታሚን እንዲህ ነው እንዴ?"

"የውጭ ነው" አልኩት።

መለሰልኝ። በጾም፣ ለስለት እየሄድኩ፣ ሁለት ጊዜ ዋሸሁ። ፍሬ አየችኝና ምንም ሳትል አውቶቡሱ ላይ ወጣች።

ደብረ ሲና ላይ ጉሙ ከኛ የሐይቅ ጉም ይወፍራል። የኛ ከውኃው ላይ ተነሥቶ ፀሐይ ሲያይ ይሸሻል፤ ያኛው ተራራው ላይ ተኝቶ አይነሣም። ደብረ ብርሃን በያይነቱ በላን። ፍሬ ግማሹን ተወችው። ለምን እንደተወችው እስከ አዲስ አበባ ድረስ ሳስብ ሄድኩ።

ላምበረት መናኸሪያ ስንደርስ ዝናብ ነበር። የምትቀበለን ሠናይት ናት፤ አብራኝ የምታስተምረው የመምህርት ጥላዬ ታናሽ እኅት። የፕሮቴስታንት አማኝ ናት፤ በቤተ ክርስቲያናቸው ቢሮ ትሠራለች። ከዚያ በፊት አይቻት አላውቅም። ሁለት ጃንጥላ ይዛ ጭቃው ውስጥ ቆማ ነበር።

"እትዬ አስካለ? በእኅቴ አፍ ነው ያወቅኩዎት። 'የማትናገረዋን ፈልጊ' አለችኝ።"

ቤቷ መሪ ነው፣ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። እኛ በር ስንከፍት እግራችን መሬት ይረግጣል፤ እዚያ በር ተከፍቶ ደረጃ፣ ደረጃው አልቆ ደረጃ ነው። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ በርሜሎቹ መተላለፊያው ላይ ተደርድረዋል። ገብተን ሳንቀመጥ ሠናይት አንድ ድስት አሳየችኝ፤ ገና ወረቀቱ አልተላጠለትም።

"ሥጋ ያልነካው ነው። የእናንተ ጾም እስኪያልቅ ሌላ ነገር አይሠራበትም።"

ያቀረበችውን ሽሮ ከመቁረሳችን በፊት ዓይኗን ጨፍና ረጅም ጸሎት አደረገች። የፍሬን ጉበት በስሙ ጠርታ ጸለየች፤ ኩላሊቷንም አልረሳችም። እኔ አማትቤ ጠበቅኩ። ስትጨርስ ሽሮው ቀዝቅዟል። ፍሬ ሳቋን ስትይዝ አየኋት። ከደሴ ከተነሣን የመጀመሪያዋ ነው።

ማክሰኞ

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ተማሪዬ ሊሆን ይችል ነበር። ከወንበሩ ተነሥቶ እጅ ነሣንና፣

"እናቴ፣ እርስዎ ውጭ ይቆዩልኝ" አለ።

"እናቷ እኮ ነኝ።"

"አውቃለሁ። አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። ከዛሬ ጀምሮ በመጀመሪያ ከእሷ ጋር ነው የምነጋገረው።"

ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ የጸሎት መጽሐፌን ከፍቼ አንዱን ገጽ አራት ጊዜ አነበብኩት፤ ምን እንደሚል አላውቅም። ተነሣሁ፣ ተቀመጥኩ። ከደም ሥሯ እስከ ሆዷ ጠባሳ ድረስ የማላውቀው የለም። ምን ያህል እንደበላች፣ ስንት ሰዓት እንደተኛች ለሐኪም የምነግረው እኔ ነበርኩ። አሁን በሩ ተዘግቶብኝ ውስጥ ሁለቱ ይነጋገራሉ።

ሲጠሩኝ ፍሬ አቀርቅራለች። የቪታሚን ዕቃው ጠረጴዛው ላይ ነው።

"ይህን ከእሽጉ ማን አወጣው?" አለ ሐኪሙ።

"እኔ።"

"ለምን?"

ፍሬ መለሰችልኝ፤ "ሰው እንዳያየው ነው።"

ሐኪሙ አልተቆጣም። "ይህ መድኃኒት እርጥበት አይወድም፤ ይበላሻል። ከእሽጉ የሚወጣው ሊዋጥ ሲል ብቻ ነው። ይህን ዕቃ ከእንግዲህ አትጠቀሙበት" አለና አዲስ ጻፈላት። ደም ሰጠች።

የምደብቅበት ነገር መድኃኒቱን ሲያበላሽ ኖሯል። ወደ መሪ ስንመለስ ታክሲው ውስጥ "ምን ተባባላችሁ?" ብዬ ጠየቅኳት።

"ለዶክተሩ ነው የነገርኩት እንጂ ለአንቺ አይደለም፣ እማ።"

ረቡዕ

የጉበቱ ምርመራ ከልክ በላይ ወጥቷል። ሐኪሙ ወረቀቱን ለፍሬ ሰጥቶ እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አደረገ።

"ጉበቱ እየተቆጣ ነው። በደምሽ ውስጥ ያለው መድኃኒት አንሷል። እስከሚመጣው ማክሰኞ ሰዓቱን ሳታዛንፊ ውሰጂና ደግመን እንለካለን። ከወረደ መልካም። ካልወረደ አስተኝተን ከጉበቱ ላይ ናሙና እንወስዳለን።"

ስለ እንጦጦ ጠየቅኩት። ጠበል እንዳትጠመቅ አልከለከለም። ያልፈላ ውኃ እንዳትጠጣ፣ ከሚያስል ሰው እንድትርቅ፣ ፀሐይም ሲወጣ ባርኔጣ እንድታደርግ ነገራት። የዚህ መድኃኒት ሰዎች ቆዳቸው ፀሐይ አይችልም።

ከሰዓት በኋላ ፍሬና ሠናይት ውኃ ሊቀዱ ወደ ታች ወረዱ። የቪታሚን ዕቃውን አልጋው ላይ ገለበጥኩና ቆጠርኩ። ከፋሲካ በኋላ ስንት እንደጨመርኩበት ጽፌ ይዣለሁ። ዐርባ አንድ ክኒን ተርፏል። መትረፍ የነበረበት ምንም አልነበረም።

ደግሜ ቆጠርኩ። ዐርባ አንድ።

ደረጃው ላይ ድምፃቸውን ስሰማ መልሼ ከተትኩት። ያን ቀን ምንም አላልኳትም። ብናገር የሚወጣውን ቃል አላመንኩትም። ሠናይት እስክንተኛ ውኃ ስታፈላና በጠርሙስ ስትሞላ ነበር። "ለእንጦጦ ነው፤ ስድስት ጠርሙስ ይበቃችኋል?" አለችኝ። ጠበላችንን አታምንበትም፤ ወደ ጠበሉ የምንሄድበትን ውኃ ግን አፈላችልን። እግዚአብሔር ይስጣት።

ሐሙስ

ቸኩዬ ተሳሳትኩ። ባቡሩ ገና አዲስ ነው፤ ከመሪ ወደ መገናኛ መሄድ ሲገባን በወዲያኛው በኩል ቆሜ የመጣው ላይ ወጣሁ። ፍሬ "እማ፣ በዚህ አይመስለኝም" ብትለኝም እጇን ጎትቼ አስገባኋት። አያት ደርሶ ቆመ፤ መጨረሻው ነው። የሰው ሁሉ ቤት አዲስ፣ ዙሪያው ሁሉ ሸክላና አሸዋ ነው። የባቡሩ ተቆጣጣሪ ሲያየን፣

"እናት፣ ቤት ልትገዙ ነው?" አለ።

"እንጦጦ ልንሄድ ነው" አለች ፍሬ።

"እንጦጦ እንኳ በዚህ አይሄድም፤ ጀርባ ሰጥታችሁታል።"

በዚያው ባቡር ተመለስን። ከመገናኛ በአራት ኪሎ አድርገን ፈረንሳይ የሚባለው ሰፈር ደረስን፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የእግር ነው። ዳገቱን ሳየው አወቅኩት። ያኔ ጀርባዬ ላይ ስትተነፍስ ትንፋሿ አንገቴን ያቃጥለኝ ነበር። አሁን ባርኔጣዋን አድርጋ፣ ቦርሳውንም ጠርሙሱንም ተሸክማ፣ ሃያ እርምጃ ከፊቴ ትሄዳለች። እኔ አለከልካለሁ። ቆም ብላ፣

"እማ፣ ላዝልሽ?" አለች።

ባሕር ዛፉ ረጅም ነው፤ ከታቹ ሣር የለም፤ ዝናቡ መንገዱን አሟልጮታል። የኛ ሐይቅ ዳር ዛፉ ወደ ውኃው ያዘነብላል፤ እዚያ ሁሉም ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ነው፣ ሰውን አያይም። ግማሽ መንገድ ላይ የጫማዬ ሶል ከፊት ተቦጭቆ ተንጠለጠለ። እንጨት ተሸክማ የምትወርድ ሴት አጠገባችን ደረሰች። እንደ እኔ ያለች፣ ምናልባትም በዕድሜ የምትበልጠኝ ናት። ሸክሟን ሳታወርድ ዛፍ ተደግፋ ቆመችና፣

"ልጄ፣ ከእንጨቴ ጫፍ ላይ ያንን ልጥ ፍቺው" አለቻት ፍሬን።

"እንጨቱ አይፈታም?"

"ሁለት ቦታ ነው ያሰርኩት። ይችላል።"

ፍሬ ልጡን ፈታች፣ ሴትዮዋ በቃል እየመራቻት ጫማዬን ዙሪያውን አሰረችልኝ። "እስከ እመቤታችን ደጅ ያደርስዎታል፤ ለመውረጃው እሷ ታውቃለች" ብላ ሄደች። ስሟን አልጠየቅኩም። በጸሎቴ "ልጥ የሰጠችኝ" እላታለሁ።

ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ፍሬ ጉልበቴ ሥር ስለነበረች ዓይኗን ማየት አልነበረብኝም። ያን ጊዜ ጠየቅኳት።

"ዐርባ አንዱ ለምን ተረፈ?"

የልጡን ቋጠሮ ጠበቅ አደረገችው። "ቆጠርሽው?"

"ቆጠርኩት።"

"ዶርም ውስጥ ስምንት ነን። አላርሜ ጠዋትና ማታ ይጮኻል። አንዷ 'ይቺ ልጅ በሰዓት ነው የምትውጠው፣ ዕድሜ ማራዘሚያ ናት' አለች። የኤች አይ ቪ ማለቷ ነው። ከዚያ በኋላ ብርጭቆዬን የሚነካ ጠፋ። ሽንት ቤት እየገባሁ መዋጥ ጀመርኩ። ሽንት ቤቱ ሲያዝ ደግሞ እተወዋለሁ። ከዚያ አላርሙን አጠፋሁት።"

"እውነቱን ለምን አልነገርሻቸውም?"

ቀና ብላ አየችኝ። "አንቺ ለማንም አትንገሪ አላልሽኝም? ቪታሚን ዕቃ ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ? ቪታሚን በሰዓት አይዋጥም፣ እማ። ደብቀሽ ስትሰጪኝ እኮ ነው ሰው የሚጠረጥረው።"

ተነሥቼ ቀሪውን ዳገት በልጥ በታሰረ ጫማ ወጣሁት።

ያደርነው እትዬ ዘነበች ቤት ነው። ለጠበል ከሩቅ የመጡ ሴቶችን የምታሳድር፣ ሰፊ የጭቃ ቤት ያላት ሴት ናት። መሬቱ ላይ ሰሌን ተነጥፏል፤ ከእኛ ሌላ አምስት ሴቶች ነበሩ። ቆሎና ሻይ አቀረበችልን። ከየት እንደመጣን ጠየቀች፣ በምን ሕመም እንደመጣን አልጠየቀችም።

ልክ አንድ ሰዓት ሲሆን ከቤቱ ማዕዘን አንድ ስልክ ጮኸ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሦስተኛው። እትዬ ዘነበች የፈላ ውኃ በማንቆርቆሪያ ይዛ መጣች።

"በሉ እናንተ፣ ማኅበርተኞች ተሰብሰቡ። የሌላው ማኅበር በወር አንዴ ነው የሚጠጣው፣ የኛ በቀን ሁለት ጊዜ።"

ሴቶቹ ሳቁ። እያንዳንዳቸው ከጉያቸው መድኃኒታቸውን አውጥተው በግልጽ፣ እየተጨዋወቱ ዋጡ። ያኔ ገባኝ። የፍሬ ጓደኞች የሚፈሩት ያ መድኃኒት ነው።

የእኛም ሰዓት ነው። አዲሱን እሽግ እንደ ልማዴ በጨርቅ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ሥር አድርጌዋለሁ። የፍሬን ክንድ ያዝኩና "ነይ እስቲ፣ ወደ ውጭ እንውጣ" አልኳት በሹክሹክታ።

"በዚህ ዝናብ የት ልትሄዱ ነው?" አለች እትዬ ዘነበች።

"መድኃኒት ልትወስድ ነው።"

"ታዲያ ውኃው እዚህ፣ ጽዋው እዚህ።"

"የሷ እንኳ ሌላ ነው" አልኩ።

ከአፌ ከወጣ በኋላ ሰማሁት። አንዷ ጽዋዋን መሬት አስቀመጠች። እትዬ ዘነበች ማንቆርቆሪያውን አላወረደችም።

"ሌላም ቢሆን ደርቆ አይዋጥም። አቅርቢ፣ ልጄ።"

ፍሬ ክንዷን ከእጄ አወጣች። ቦርሳዬን ከፍታ እሽጉን ከጨርቁ ፈታችው። ሄዳ በሴቶቹ መካከል ተቀመጠች፤ ጽዋ ተቀብላ እንደ እነሱ ዋጠች። ቀጥሎ ስልኳን አውጥታ የሆነ ነገር ስትነካካ አየሁ። አላርሙን እያበራች ነበር።

ዓርብና ቅዳሜ

ዓርብ በጠዋት ጠበል ቦታው ሄድን። ብርዱ አጥንት ይገባል። የሚያጠምቁት ካህን ሕዝቡን ከማጥመቃቸው በፊት "መድኃኒት የምትወስዱ ሁሉ ሳታቋርጡ ውሰዱ። መድኃኒቱንም የፈጠረ እሱ ነው" አሉ። በየቀኑ ይሉታል አሉኝ። ፍሬን ረጯት፤ አልጠጣችም። ልቤ አላረፈም። ስለቱ ጎዶሎ እንዳይሆን ፈርቼ ቀረብኳቸው።

"አባቴ፣ ጠበሉን አልጠጣችም። ሐኪም ያልፈላ ውኃ ከልክሏታል።"

"የተሳልሽው ምን ነበር?"

"በእግሯ ላመጣት።"

ጫማዬን አዩት፤ ልጡ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ጭቃ ሆኗል። "ልጅሽ መጥታለች። አንቺ ነሽ ገና ያልደረስሽው" አሉና ባረኩኝ።

ያን ቃል ይዤ ዋልኩ። ቅዳሜ እትዬ ዘነበች ጓሮ ውስጥ ጎመን ስትቆርጥ አጠገቧ ተቀምጬ አብሬ ቆረጥኩ። ብዙ ቆረጥን።

"የሐሙሱን ይቅር በዪኝ" አልኳት በመጨረሻ።

"የቱን?"

"'የሷ ሌላ ነው' ያልኩትን።"

ቢላዋውን አላቆመችም። "እኔ እዚህ በቃሬዛ ነው የመጣሁት። ሦስት ወር ሙሉ 'የኔ ሳምባ ነው፣ ከእነሱ ጋር አታስተኙኝ' ስል ነበር። እነሱ ናቸው ያጠቡኝ።" ቀጥላ ሳቀች። "ጎመኑን አሳንሺው እንጂ፤ ለላም ነው እንዴ?"

ለምን ሌላ እንደሆነ ፍሬ ራሷ ለሴቶቹ ነግራቸው ኖሯል። ማታ ሁሉም ጠባሳዬን ካላየን አሉኝ። አሳየኋቸው። በሕይወቴ ለሰው ስገልጠው የመጀመሪያዬ ነው። አንዷ በጣቷ ነካችውና ጣቷን ሳመች።

እሑድ፣ ሰኞ

እሑድ ቅዳሴ አስቀድሰን ወረድን። እትዬ ዘነበች ለመንገድ ቆሎ ቋጠረችልን። ሠናይት ደረጃው ላይ እየጠበቀችን ነበር፤ "ጫማዎን አይቼ ነው እንጦጦ ምን እንደሚመስል የገባኝ" አለች። የራሷን ጫማ ሰጠችኝ።

ሰኞ አንድም ሥራ አልነበረኝም። መስኮት ላይ ቆሜ ባቡሩ ሲመጣና ሲሄድ ቆጠርኩ። ፍሬ ጠዋትም ማታም በራሷ ወሰደች። እኔ የመድኃኒቱን ቦርሳ አልነካሁትም። እጄ ግን ሰዓቱ ሲደርስ ይነሣል። አሥራ ሁለት ዓመት የለመደ እጅ ነው።

ማክሰኞ

ደሟን በጠዋት ሰጥታ እስከ ከሰዓት ጠበቅን። ሐኪሙ ከእሷ ጋር ብቻ ተነጋገረ። አሁንም ኮሪደር ላይ ነኝ፤ መጽሐፌን አልከፈትኩም። ሲጠራኝ ወረቀቱን የያዘችው እሷ ናት።

"ወርዷል፣ እማ።"

"ምን ያህል?"

"ግማሽ ያህል። እስከ ልኩ ገና ነው። በየሁለት ሳምንቱ ደሴ ተለክቼ እልክለታለሁ፤ ከስድስት ሳምንት በኋላ እመጣለሁ።"

ሐኪሙ በካርዱ ላይ ያለውን የእኔን ስልክ ሰርዞ የእሷን ጻፈ። ብዕሩ ሲሰርዝ ድምፁን ሰማሁት።

በባቡሩ ስንመለስ አጠገቤ ቆማ፣ "ልጅ መውለድ እችላለሁ ወይ ብዬም ጠየቅኩት" አለች።

"ምን አለ?"

"ይቻላል አለ። ከማሰብሽ በፊት ግን ንገሪኝ፣ መድኃኒቱ ይስተካከላል አለኝ።" ቀጥላ "አሁን አይደለም እኮ፤ ሪላክስ" አለች።

ይህን ጥያቄ አሥራ ሁለት ዓመት ፈርቼ ለማንም አልጠየቅኩም። ምሰሶውን ይዤ በልቤ አመሰገንኩ። ወርጄ የቆምኩት ግን ሲኤምሲ ላይ ነው፤ አንድ ፌርማታ ቀድሜ። እሷም ስቃ ተከትላኝ ወረደች፤ ቀሪውን በእግራችን ሄድን።

ረቡዕ

ሠናይት ላምበረት ድረስ ሸኘችን። እኔ አማተብኩ፣ እሷ ጸለየች፤ ረዳቱ "እንሂድ እንጂ፣ ሁለቱም ይሰማል!" እስኪል።

ሰንዳፋን እንዳለፍን አላርሙ ጮኸ። አውቶቡሱ ጸጥ ብሎ ስለነበር ሁሉም ሰማው። እጄ ወደ ነጠላዬ ሄደ። መልሼ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት። ፍሬ እሽጉን አውጥታ ክኒኑን ገፋ አድርጋ አወጣችና ከጠርሙሷ ጠጣች። በመተላለፊያው ወዲያ የተቀመጡ ሽማግሌ ሲያይዋት ቆዩ።

"ምን ያምሻል፣ ልጄ?"

"ምንም አያመኝም፣ አባባ። የጉበት ነው። ጉበቴ የእማዬ ነው፤ ወደ እሷ ልመለስ እንዳይል ነው የምውጠው።"

ሽማግሌው ወደ እኔ ዘወር አሉ። "እውነቷን ነው?"

እኅቶቼ፣ በመሄጃው ለፈታሹ "ቪታሚን ነው" ያልኩት እኔ ነኝ። አሁን አውቶቡሱ ሙሉ ጆሮ ነበር።

"እውነቷን ነው" አልኩ። "ዕድሜዋን ሙሉ ትወስደዋለች።"

"እርስዎስ ያለሱ እንዴት ሆኑ?"

"የኔ መልሶ አደገ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ፍሬ የእትዬ ዘነበችን ቆሎ ፈታችና ዘረጋችላቸው። እጃቸውን ሰደው ዘገኑ፤ ቆረጠሙም።

አሁን ጥቅምት ነው፤ ፍሬ ደሴ ዶርሟ ገብታለች። እሽጉን መስኮቱ ላይ አስቀምጣዋለች። ለሰባቱም ነግራቸዋለች፤ አንዷ አሁንም ብርጭቆዋን አትነካም። ያለፈው ምርመራ ወደ ልኩ ቀርቧል፤ አልደረሰም። እንዳልደውልላት ለምናኛለች፤ አልደውልም። ማታ አንድ ሰዓት ሲሆን ከቤት ወጥቼ ሐይቁን አያለሁ፤ እስኪያልፍ ድረስ መቀመጥ አልችልም።

"ፈጽማ ድናለች" ያልኳችሁን ዛሬ መልሼ እወስዳለሁ። በሕይወት አለች፤ በየቀኑ ሁለት ጊዜ። እልል ያላችሁት ለዚህም ይሁንልኝ። ሰው "የአስካለ ልጅ ምን ትውጣለች?" ብሎ ቢጠይቃችሁ ንገሩት።